ከሐይቅ ወደ ወንዝ አፍ፦ በሳባኪ የተማርነው የጉዞ ዕቅድ



በቤታችን የዓሣ ወሬ የሚነሳው በአባታችን ነው። አባታችን ተወልደው ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሲሆን፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ቆሮሶውን በመረብ፣ አምባዛውን በመንጠቆ እያወጡ ነው። ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ከእኛ ጋር አዲስ አበባ ይኖራሉ። መንጠቆዎቻቸውና የክር ጥቅላቸው ግን በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ከአልጋቸው ሥር አይጠፉም። አንድ ምሽት ከዒሻእ ሶላት በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ሐይቁንስ ጠግቤዋለሁ፤ ባሕርን ግን ሳላየው ልሄድ ነው» አሉ። ልጆቻችን ይህን ሰምተው ዝም ሊሉ አልቻሉም። ናይሮቢ የሚኖረው ወንድማችንም ነገሩን በስልክ ሲሰማ፣ «እኛ ጋ ኑ እንጂ! ባሕሩም ወንዙም እዚህ አለ» አለን። የጉዞው ሐሳብ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ወደዚያ ቦታ ሁለት ጊዜ ሄደናል። አንደኛው በነሐሴ 2015፣ ሁለተኛው በጥር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ገንዘቡን፣ ትኬቱን፣ ልብሱን፣ ስንቁን ሁሉ አቅደን ዋናውን ነገር ሳናቅድ ሄድን። በዚህም የተነሳ አባታችንንና የስምንት ዓመት ልጃችንን በአንድ ቀን ልናጣ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ያሰበ ሁሉ እኛ በድንጋጤ የተማርነውን እርሱ ቤቱ ተቀምጦ እንዲያውቀው ብለን ነው።

ቦታው

የወንዝ አፍ ስንል ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን ቦታ ማለታችን ነው። በአገራችን ወንዝ አልጎደለም፤ ወንዝ ባሕር ሲገባ ግን አናይም። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዓባይም፣ ዋቢ ሸበሌም፣ ገናሌም ድንበር ተሻግረው ይሄዳሉ። ስለዚህ እንደ እኛ ያለ የደጋና የሐይቅ ዳር ሰው፣ ወንዝና ባሕር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው ዕውቀት የለውም። የስህተታችን ሥር ይኸው ነበር።

የሄድንበት ወንዝ ሳባኪ ይባላል። በኬንያ ከታና ቀጥሎ ረጅሙ ወንዝ ሲሆን 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከናይሮቢ አካባቢ ካለው ደጋ ሲነሳ ስሙ አቲ ነው። በጻቮ የዱር አራዊት ክልል ከጻቮ ወንዝ ጋር ሲገናኝ ጋላና ይሆናል። ወደ ባሕሩ ሲቃረብ ደግሞ ሳባኪ ተብሎ፣ ከማሊንዲ ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። አባታችን «ጋላና» የሚለውን ስም ሲሰሙ ፈገግ አሉ። በኦሮምኛ ጋላና ማለት ታላቅ ውሃ፣ ባሕር ማለት ነውና። በዚያ አገር ኦርማ የሚባሉ፣ ከብት አርቢ የሆኑና ቋንቋቸው ከኦሮምኛ የሚመደብ ሙስሊም ወገኖች ይኖራሉ። አባታችን ከእነርሱ ጋር መነጋገር መቻላቸው በኋላ እንደምታዩት በብዙ ጠቅሞናል።

ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ የሄድነው እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ነው። ጉዞው ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ባቡሩ ጻቮን ሲያቋርጥ ልጆቻችን በመስኮት ዝሆን ቆጠሩ። ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነው። ማሊንዲ አሮጌ የስዋሂሊ ከተማ ናት። አዛኑ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ምግቡ ሐላል ነው፤ ዓሣውን በኮኮናት መረቅ ቀብተው በከሰል ይጠብሱታል። ለሙስሊም ቤተሰብ እንግድነቱ አይከብድም።

የመጀመሪያው ጉዞ

በመጀመሪያው ጉዞ ማሊንዲ የደረስነው ነሐሴ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ብለን ነበር። በዚያ ምሽት ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ከባሕሩ ላይ ስትወጣ ቤተሰቡ በሙሉ በረንዳ ላይ ቆሞ «ሱብሐነላህ!» እያለ አያት። ውበቷን አየን፤ የምትነግረንን ግን አልሰማንም።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በባጃጅ ወደ ወንዙ ሄድን። ስንደርስ ያየነው ነገር አባታችንን አስገረማቸው። ሰፊው የወንዙ አፍ አብዛኛው አሸዋ ነበር። ከባሕሩ ዳር በኩል አንዲት የአሸዋ ደሴት ትታያለች፤ በእኛና በእርሷ መካከል ያለው ውሃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ከደሴቷ ማዶ ደግሞ ዓሣ ሲዘል ይታያል። «ይህማ የበጋ ወንዝ ነው» አሉ አባታችን። ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ የብስኩት ቆርቆሮዋን ይዘው፣ ትንሹን ልጃችንን በእጁ እየመሩ ተሻገሩ። እኛ ከሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን ጋር በዳርቻው ምንጣፍ ዘርግተን ምሳ ማሰናዳት ጀመርን።

እስከ ቀትር ድረስ ሁሉ ነገር መልካም ነበር። ሁለት ዓሣ አንስተው ከሩቅ አሳዩን። ወደ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ግን ታላቋ ልጃችን፣ «ወንዙ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ነው» አለችን። ልጅ ናት ብለን ሳቅን። ቀና ብለን ስናይ ግን እውነቷን ነበር። ውሃው ከባሕሩ በኩል ወደ ላይ፣ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይነዳል። ጠዋት በቁርጭምጭሚት የተሻገሩት ቦይ ሰፍቷል፣ ጠቁሯል። የአሸዋዋ ደሴት ከግማሽ በታች ሆናለች። አባታችን ልጁን ትከሻቸው ላይ አድርገው በመካከሏ ቆመዋል።

ከሁለታችን አባወራው ሳያስብ ውሃው ውስጥ ገባ። አሥር እርምጃ ሳይራመድ ደረቱ ደረሰ፤ እግሩም አሸዋውን ለቀቀ። በዚያች ቅጽበት ከወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጣ አንድ የኦርማ ወጣት እየጮኸ ሮጠ። ጩኸቱን የሰሙ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ደረሱ። መጀመሪያ አባወራውን ጎትተው አወጡ፤ ቀጥለው ሽማግሌውንና ልጁን ከደሴቷ አነሱ። ታንኳዋ ስትመለስ ደሴቷ አልነበረችም።

ካወጡን አንደኛው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የአገሩ ሰው «ምዜ» ይላቸዋል፤ እንደ እኛ «አባባ» እንደማለት ነው። ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንሞክር እጃችንን መለሱት። ከዚያ ወደ ሰማይ እያመለከቱ አንድ ነገር ጠየቁ። የኦርማው ወጣት ለአባታችን ተረጎመላቸው፦ «ጨረቃዋን አላያችሁም?» ነው ያሉት። ቀጥለውም በዚያ ወንዝ አዞና ጉማሬ እንዳለ ነገሩን። አባታችን በዚያ ምሽት እህል አልቀመሱም። «ሃምሳ ዓመት ውሃ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ ብዬ የሰው ልጅ ይዤ ገባሁ» ከማለት በስተቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። በማግስቱ ወደ ሞምባሳ ተመለስን።

ጨረቃዋ የምትናገረው

ቤት ከተመለስን በኋላ አባታችን ነገሩን አልተዉትም። ናይሮቢ ወዳለው ልጃቸው እየደወሉ ያስጠይቁ፣ የልጅ ልጆቻቸውን መጽሐፍ ያስነብቡ ጀመር። የተረዳነውን እነሆ።

ባሕር እንደ ሐይቅ ባለበት አይቆምም። ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን ስለሚስቡት በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከጉድለቱ እስከ ሙላቱ ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። በየቀኑም ሰዓቱ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ውሃው በእኩል ፍጥነት አይሞላም፤ በመጀመሪያው ሰዓት ጥቂት ብቻ ይጨምርና ሰውን ያዘናጋል፤ በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ግን ከጠቅላላው ሙላት ግማሽ ያህሉ ይገባል። አባታችን የተከበቡት በዚያው በመካከለኛው ጊዜ ነበር።

የሙላቱ መጠን ደግሞ ከወሩ ቀን ጋር ይለዋወጣል። ወር ሲጠባና ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ጨረቃና ፀሐይ ከምድር ጋር በአንድ መስመር ስለሚሆኑ ስበታቸው ይደመራል። ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይሸሻል። በዚያ የኬንያ ዳርቻ ልዩነቱ ከሦስት ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ከዋናው ቀን ይልቅ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይበረታል። ስዋሂሊዎች ይህን ታላቅ ሙላት «ባምቩዋ» ይሉታል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ደግሞ የሁለቱ ስበት ይቃረናል፤ ባሕሩ በጥቂቱ ይሞላል፣ በጥቂቱ ይጎድላል። ይህንን «ማጂ ማፉ» ይሉታል፤ የሞተ ውሃ ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ። የሒጅራው ወር የጨረቃ ወር ነው። በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የሒጅራውንም ቀን ይዟል። እኛ የምንመለከተው ለረመዳን፣ ለዐረፋና ለዒድ ብቻ ነበር። የባሕሩም ሠንጠረዥ እዚያው ላይ ነበር። ከወሩ መጀመሪያና ከ15ኛው ቀን ወዲህ ያሉት ቀናት ታላቅ ሙላት፣ ከ8ኛውና ከ22ኛው ቀን ወዲህ ያሉት ትንሽ ሙላት ናቸው። ለዚያ ዳርቻ ሰዓቱንም በግምት ማወቅ ይቻላል። በታላቁ ሙላት ቀናት ባሕሩ የሚሞላው ከሌሊቱና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የሚጎድለው ከጠዋቱና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በትንሹ ሙላት ቀናት ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ሙሉ ጨረቃ በታየች በሁለተኛው ቀን፣ ባሕሩ እጅግ በሸሸበት ሰዓት ደርሰን ባዶውን አሸዋ ወንዙ እንደሆነ ቆጠርነው። እርግጥ ግምት ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ሰዓት ለሞምባሳ ኪሊንዲኒ ወደብ ከሚወጣው የሙላት ሠንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል።

በወንዝ አፍ ላይ ሌላም ነገር አለ። ባሕሩ ሲጎድል የወንዙ ውሃና የባሕሩ ውሃ ተባብረው ወደ ጥልቁ ይነጉዳሉ። በዚያ ሰዓት ዋና የሚችለውንም ሰው ቢሆን ይወስዱታል። ባሕሩ ሲሞላ ግን ጨዋማው ውሃ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ዓሣውም ምግብ ፍለጋ አብሮት ይገባል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚሻለው፣ ከዳርቻው ሳይርቁ፣ ውሃው እየሞላ ሳለ ማጥመድ ነው።

ወሩን መምረጥ

ሁለተኛው ስህተታችን ወቅቱ ነበር። በዚያ ባሕር ላይ ሁለት ነፋሳት ይፈራረቃሉ። ከሚያዝያ እስከ መስከረም አካባቢ ከደቡብ የሚነፍሰው «ኩሲ» ይባላል። በተለይ በክረምታችን ወራት ማዕበሉን ያስነሳዋል፤ ትናንሽ ጀልባዎችም ይቸገራሉ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት አካባቢ ከሰሜን የሚነፍሰው ደግሞ «ካስካዚ» ነው። ሙቀት ይበዛበታል፤ ባሕሩ ግን ይረጋል።

ዝናቡንም ማሰብ ይገባል። በኬንያ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ፣ ትንሹ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይጥላል። በእነዚህ ወራት ሳባኪ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር አፈር ከደጋው እየጠረገ ያመጣል። ውሃው ቡናማ ይሆናል፤ በካስካዚ ወቅት ያ ቡናማ ውሃ በማሊንዲ የባሕር ዳር ሳይቀር ይታያል። ዓባይ አፈራችንን ሲወስድ እያየን ያደግን ሰዎች ነንና ነገሩ ለእኛ አዲስ አልሆነም፤ እዚህ ግን የተወሰደው አፈር የት እንደሚደርስ አየን። የማሊንዲ የባሕር ዳር አሸዋ እየሰፋ የሄደው ከዚሁ የተነሳ ነው።

ይህን ሁሉ ስናቀናጅ የቀረልን የጥርና የየካቲት መጀመሪያ ሆነ። ትንሹ ዝናብ አልፏል፤ ትልቁ አልመጣም፤ ካስካዚ ነው። ደግነቱ የልጆቻችን የመንፈቀ ዓመት ዕረፍትም በዚሁ ጊዜ ነው። ሆኖም በእነዚህ ዓመታት ረመዳን ወደ የካቲትና ወደ ጥር እየተጠጋ ስለሆነ፣ ከጾሙ አስቀድሞ ለመመለስ ቀኑን ማስላት ይገባል። እኛም የመረጥነው የሻዕባንን 7ኛ ቀን ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ሰዓትና ሰው

የስዋሂሊ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። የፀሐይ መውጫ 12 ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በኋላ «ሳ ሞጃ» ማለትም አንድ ሰዓት ይላል። ይህ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የባቡሩ ትኬትና የሙላት ሠንጠረዡ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፉ፣ ትኬቱ ላይ 8 ሰዓት የሚለው ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከጀልባ ሰው ጋር ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ በሶላት ስም ይቀጥሩዋችኋል፤ «ከአልፋጂሪ በኋላ»፣ «ከአላሲሪ በፊት» ይላሉ። ፈጅርና ዐስር ማለታቸው ነው፤ ይህስ አያሳስትም።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ያስፈልጋል። በኬንያ ባሕር ዳር የየመንደሩ ዓሣ አጥማጆች የሚተዳደሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ደንብ የተቋቋመ የባሕር ዳር አስተዳደር ክፍል አለ። በመጀመሪያ ወደ እርሱ ሄዳችሁ ማጥመድ የሚፈቀድበትን ቦታ፣ የሚጠየቀውን ፈቃድና የሚመራችሁን ሰው ጠይቁ። ከማሊንዲ በስተደቡብ ያለው የባሕር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለለ ነው። በውስጡ ማጥመድ ክልክል ስለሆነ፣ ዓሣውንና ኮራሉን ለማየት ብቻ ይኬዳል።

ለጉዞው ከያዝነው ዕቃ ውስጥ የሚከተሉት በእርግጥ ጠቅመውናል፦ ጠንካራ የናይለን ክርና የተለያየ መጠን ያለው መንጠቆ፣ እርሳስ፣ ክሩ እጅ እንዳይቆርጥ ወፍራም የጨርቅ ጓንት፣ እሾህና የዓሣ አከርካሪ እንዳይወጋ ጫማ፣ ለሴቶችም ለወንዶችም ቶሎ የሚደርቅ ሰፊ ልብስ፣ ብዙ የሚጠጣ ውሃ፣ የወባ ትንኝ አጎበር። የባሕር ዳሩ የወባ አገር ስለሆነ ከመሄዳችን በፊት ሐኪም አማክረናል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይዘናል። ለልጆቹ የገዛነው ተንሳፋፊ ሰደርያ ግን ከሁሉም የበለጠ ነው። ከውሃው ዳር ሳሉ አያወልቁትም።

ሁለተኛው ጉዞ

አባታችን አንደራደርም ያሉት አንድ ነገር ነበር። «ያን ሰውዬ ካላገኘን አንገባም» አሉ። ሰውየውን ያገኘናቸው በዚያው መንደር መስጂድ በር ላይ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲተያዩ ብዙ አልተነጋገሩም፤ ቋንቋ የላቸውምና። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። ከዚያ ምዜው ወደ ሰማይ አመለከቱ። አባታችንም በጣታቸው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሠርተው አሳዩ። ምዜው ሳቁ፤ «ማጂ ማፉ!» አሉ።

የኦርማው ወጣት በኋላ እንደተረጎመልን፣ ምዜው «በሞተ ውሃ ዓሣው ያንሳል፤ ውሃው ሲሮጥ ነው ዓሣ የሚነሳው» ብለውን ነበር። አባታችን ግን «ዓሣ ቢያንስ ይነስ፤ እኔ የመጣሁት ልጆቹን ላሳይ ነው» አሉ። በዚሁ ተስማማን።

በማግስቱ ፈጅርን በመስጂዱ ሰግደን ወጣን። በዚያ ሰዓት ውሃው ዝቅ ብሎ ቀስ በቀስ መሙላት ጀምሯል። ምዜው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አንድ እንጨት ከውሃው ጠርዝ ላይ መትከል ነው። ልጆቹን ጠርተው እንጨቱን አሳዩአቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው እንጨቱን ዞሮት አለፈ። «ባሕር እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ድምፅ የለውም» አሏቸው። ልጆቻችን ከአንድ መጽሐፍ ይልቅ ከዚያች እንጨት ብዙ ተማሩ።

አዞ በማይወጣበት፣ ምዜው በመረጡት የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ቆመን፣ ትንንሽ የባሕር ሽሪምፕ በመንጠቆ ላይ እያደረግን ወረወርን። የሽሪምፑ ስም በስዋሂሊ «ካምባ» ነው፤ ወንዙ የሚያመጣው ጭቃ የእነርሱ ማሳደጊያ ስለሆነ አካባቢው በካምባ የታወቀ ነው። አባታችን የሐይቅ ልማዳቸው ሆኖ ክሩን ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ምዜው ደግሞ ውሃው እንዳይወስደው እርሳስ ጨምረው ቀስ እያሉ እንዲስቡት አሳዩአቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ተማሪ ሲሆኑ አይተናቸው አናውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ዓሣ ያወጣችው ወንዙ ወደ ኋላ ፈሰሰ ብላ የነገረችን ልጃችን ናት። ትንሽዬ፣ ብርማ ቀለም ያላት ነበረች። ምዜው በመዳፋቸው ለክተዋት «ትመለስ» አሉ። ልጅቱ ፊቷን አጨፈገገች። አባታችን ግን፣ «እኛም ዝዋይ ላይ ሳንመልስ ኖረን ነው ዓሣው ያለቀብን» አሏት። ራሷ በእጇ ለቀቀቻት። ከዚያ በኋላ ውሃው እስከ ሞላበት እስከ 5 ሰዓት ገደማ ድረስ ስድስት ደህና ደህና ዓሣ ወጣ። በዚያ ላይ አቆምን፤ ከምንበላው በላይ ማውጣት አላስፈለገም። የባሕር ምግብ ለተቀማጩም ለመንገደኛውም የተፈቀደ መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ የተገለጸ ሲሆን፣ ማባከን ግን ያልተፈቀደ ነው። ሦስቱ ለምዜው ቤት ሄዱ፤ ሦስቱን የምዜው ቤተሰብ ጠብሶልን አብረን በላን። ዙህርና ዐስርን እንደ መንገደኛ አሳጥረን በጀመዓ ሰገድን። ካቻምና ከተቀመጥንበት ጭንቀት ጋር ስናስተያየው እንባችን መጣ።

ከዓሣ ሌላ

ከሰዓት በኋላ ማጥመድ በማይቻልበት ጊዜ የሚታይ ነገር አይጠፋም። በወንዙ አፍ ላይ የወፍ ብዛት ያስደንቃል፤ ፍላሚንጎዎችም የሚመጡበት ጊዜ አለ። ከወንዙ በስተሰሜን ማምብሩዪ የምትባል አሮጌ የሙስሊሞች መንደር አለች። በዚያ የቻይና ሸክላ ሳሕን የተለጠፈበት የጥንት የመቃብር ዐምድ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ ቁፋሮም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ የቻይና ሳንቲም ተገኝቶባታል። ከማሊንዲ ወደ ቻይና ንጉሥ ቀጭኔ በስጦታ የተላከው እ.ኤ.አ. በ1415 መሆኑን ስንነግራቸው ልጆቻችን በመርከብ ላይ ያለች ቀጭኔ እየሳሉ ዋሉ። ከማሊንዲ በስተደቡብ በጫካ ውስጥ ያለው የጌዲ ፍርስራሽ ከተማ ደግሞ ታላቅ መስጂዱ፣ የውሃ ጉድጓዶቹና ቤቶቹ አሁንም ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለሚያቅድ ቤተሰብ

ውድ አንባቢያን፣ ያሳለፍነውን በአጭሩ ስናጠቃልለው የዕቅዱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። በዚያ ወቅት ውስጥ የጨረቃዋን ቀን ምረጡ። ከዚያ የቦታውን ሰው ፈልጉ። ትኬትና ማደሪያ የሚቆረጠው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ከመጨረሻው ጀምረን ነበር። በማታውቁት ውሃ ላይ ደግሞ ከአሸዋ ደሴት ላይ አትውጡ፤ ውሃው ጥልቅ ባይሆንም አትሻገሩ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከሚሮጥ ውሃ ይልቅ የሞተ ውሃ ይሻላችኋል። በሐይቅ ላይ ያካበቱት ዕውቀት ዕውቀት ነው፤ ባሕር ላይ ግን ሌላ መምህር ያስፈልገዋል። ይህን ለመቀበል አባታችን ከሁላችንም ፈጠኑ።

ስንለያይ አባታችን የብስኩት ቆርቆሯቸውን ከፍተው ሁለት የዝዋይ መንጠቆ ለምዜው ሰጡ። ምዜውም ከኪሳቸው አንድ የእርሳስ ቁራጭ አውጥተው በቆርቆሮዋ ውስጥ አኖሩ። ዛሬ ያ የቀን መቁጠሪያ ከሳሎን ተነስቶ ከአባታችን አልጋ ራስጌ ተሰቅሏል። በየወሩ 8ኛውንና 22ኛውን ቀን በእርሳስ ያከብቧቸዋል። እኛ ወደ ባሕር የምንሄደው በዓመት አንዴ እንኳ አይደለም። ስንጠይቃቸው ግን፣ «ጨረቃዋን ካየኋት በኋላ ዝም ብዬ ላሳልፋት አልችልም» ይሉናል።

አላህ ጉዞአችሁን የሰላም ያድርግላችሁ። ሰላም ቆዩን።